ባቡሩ ያላየው ሰው

የመለሰ ንጉሡ ሬሳ የተገኘው ጉም መሬት ለመሬት በሚሄድበት የክረምት ጠዋት፣ ሐዲዱ ኮረብታውን ከፍሎ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ነበር። የአገሩ ሰው ቦታውን «ስንጥቁ» ይለዋል። የገደለው ባቡር አለፍ ብሎ ቆሟል። ከገደሉ አፋፍ የኖራ ድንጋይ ጭኖ ወደ መካነ ሰላም ግርጌ የሚያወርድ የጭነት ባቡር ነው። ካለፈው በጋ ወዲህ ነጂ የለውም፤ ራሱን በራሱ ይነዳል። ኢንስፔክተር በዛች ዋለ የባዶውን ጋቢና መስኮት አንጋጣ አየችና ወደ ሳጅን አሕመድኑር ዞረች።

«እሺ፣ ማንን ልሰር?»

ሳጅኑ የቀለደች መስሎት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ፈገግታውን ሰበሰበ። በዛች የኩታበር ሰው ናት፤ ቀልድ አትጠላም፤ ሬሳ ፊት ግን አትቀልድም። ሰው መልስ አዘጋጅቶ የጠበቃትን ጥያቄ መጠየቅም አትወድም። በዚህ ጠባይዋ ያልተናደደባት አለቃ የለም።

ሬሳው በባና ተጠቅልሏል፤ ያ የደጋ ሰው ከበግ ጠጉር የሚያሠራው ወፍራም ጥቁር ልብስ። በዛች ጫፉን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የሐዲድ ሠራተኞች የሚለብሱት ብርቱካናማ አንጸባራቂ ሰደርያ አለ።

«ይሄ ሰደርያ ለምንድን ነው የሚለበሰው?»

«ለመታየት ነዋ፣ ኢንስፔክተር።»

«ለመታየት የለበሰውን በባና ሸፍኖ ሐዲድ ላይ የሚተኛ የደኅንነት መሐንዲስ አይተህ ታውቃለህ?»

«በርዶት ይሆናል።»

በዛች በአገጯ ወደ ሐዲዱ ዳር አመለከተችው። የመለሰ ሞተር ብስክሌት እዚያ ቆሟል፤ ወፍራም ጃኬቱ ከኋላ መቀመጫው ላይ እንደ ታሰረ ነው። ሳጅኑ አየውና ስለ ብርድ ማውራቱን ተወ።

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ናቸው። የመስመሩ ሥራ አስኪያጅ ደውለው እንደ ነገሯቸው፣ ባቡሩን ከመቆጣጠሪያ ክፍል የላከችው አሚራ የምትባል ወጣት የባቡሩን «ዓይን» ዘግታው ነበር፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሚሄደው መኪና ወደ ደሴ ትላክ። የመለሰ ወንድሞችም ስሟን ይዘው ከተማውን እየዞሩ ነው። «ገዳይዋ ለቅሶው ደጃፍ እንዳትደርስ» ብለዋል አሉ።

«እስከዚያ ድረስ የኔ ናት» አለች በዛችና ስልኩን ዘጋችው።

ሥራ አስኪያጁን ኢንጂነር በእውቀቱን ጣቢያው ውስጥ ባለው ቢሮው ተቀምጦ አገኘችው። የተማረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው፤ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ስስ ሱፍ ኮት ብቻ ለብሶ ይንቀጠቀጣል።

«ይበርድዎታል?» አለችው።

ያልጠበቀው ጥያቄ ነበርና ኮቱን ሰብሰብ አደረገ። «ለምጄዋለሁ፤ በለገምቦ፣ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ ስመላለስ ነው የኖርሁት።»

«ስለዚህ ዓይን ስለሚሉት ነገር ያስረዱኝ። እኔ ከመኪና በቀር የማውቀው የለም።»

«ከፊት ለፊቱ የተገጠመ መሣሪያ ነው። ሰው፣ ላም፣ አህያ ሐዲዱ ላይ ካየ ባቡሩን ያቆመዋል። ምንም እንከን የለበትም። ችግሩ ያለው ሰው ላይ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጉም ሲሆን ባቡሩ ቶሎ ቶሎ ይቆማል፤ ልጆቹ ይሰለቹና ዓይኑን ይዘጉታል። ስንት ጊዜ አትዝጉ ብለናል!»

«ሟቹስ በዓይኑ ላይ ቅሬታ ነበረው?»

«መለሰ? በጭራሽ። ሰኞ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ፤ መስመሩ እስከ ገበያው ዳር እንዲቀጥል ይፈቅዳሉ። የደኅንነቱን ማረጋገጫ የሚፈርመው እሱ ነበር። ደስ ብሎት ነበር የሚፈርመው።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ብቻዬን።»

በዛች አመስግናው ወጣች። በረንዳው ላይ ግን ቆም ብላ የራሷን ካፖርት ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች።

አሚራ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሻሿ ወደ አንድ ወገን ተንሸራቷል፤ አላስተካከለችውም።

«ቁርስ በላሽ?»

ልጅቷ ቀና አለች። «አልበላሁም።»

«ዓይኑንስ ዘጋሽው?»

«ወላሂ አልዘጋሁም። እንዲያውም ስንጥቁ ከመድረሱ በፊት ራሱ ቆሞ ነበር፤ የሆነ ከብት አይቶ መሰለኝ። ጠበቅሁት፤ መንገዱ ሲለቀቅለት ራሱ ሄደ።»

«ሰው ሐዲድ ላይ ሲወርድ ለአንቺ አይነግርም?»

«መለሰ ሳይደውልልኝ አንድ እግሩን ሐዲድ ላይ አያሳርፍም። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ አልደወለም። እኔኮ ባቡሩን አምነዋለሁ፣ እትዬ። ሥራ የጀመርሁ ሰሞን መለሰ ባቡሩ ፊት አቁሞኝ ነበር፤ ቆመልኝ። ሰው አይነካም ብዬ ነው የምልከው።»

በዛች ልትወጣ ስትል አሚራ እጅጌዋን ያዘቻት።

«ባቡሩ ሲደርስበት በሕይወት ነበር? እስር ቤቱን ተይው። እኔ እንደ ገደልሁት ወይም እንዳልገደልሁት ብቻ ንገሪኝ።»

በዛች መልሱን ገና አታውቀውም ነበር። የማታውቀውን ነገር ለማጽናናት ብላ አትናገርም፤ ጠባይዋ አይደለም። «እስካውቅ ጠብቂኝ» ብላት ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ ግን አንድ ነገር ልላት ይገባ ነበር ብላ ተቆጨች።

ሬሳውን ያገኙት ጋሽ ሁዜይፋ የባቡሩ የቀድሞ ነጂ ናቸው። ነጂ አያስፈልግም ከተባለ ወዲህ ፍሬን ፈታሽ ሆነዋል። ባናቸውን ተከናንበው ጋቢናው ውስጥ፣ ድሮ ወንበራቸው በነበረበት ቦታ ቆመው በዛችንና ሳጅኑን ይጠብቁ ነበር።

«‹ሰው ካልሞተ አትሰሙም› ብለዋል ይባላል፣ ጋሽ ሁዜይፋ።»

«ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ። አሁን ሰው ሞተ፤ ሰሙ እንዴ?»

«መለሰን ይጠሉት ነበር?»

«ከወንበሬ ያስነሣኝ እሱ መስሎኝ አንድ ሰሞን ተቀይሜው ነበር። ኋላ ግን እኔው ዘንድ እየመጣ ይጠይቀኝ ጀመር። ጥሩ ልጅ ነበር፤ አላህ ይዘንለት።» ጠርዙ የተላጠውን የፍሬን እጀታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ነገር ዕውር ነው፣ ልጄ። ሰውም አያይ፣ ከብትም አያይ። እንዳጋጣሚ ሲቆም አየ ይላሉ። እኔ ሐዲዱን ስሻገር ሁልጊዜ ሮጬ ነው።»

አሕመድኑር የእጀታውን አሠራር ጠየቃቸው። አሳዩት፤ ወደ ታች ሲጫኑት ባቡሩ ዓይን ኖረውም አልኖረውም ቀጥ ይላል። ሲወርዱ ሳጅኑ ወደ በዛች ጆሮ ጠጋ አለ።

«ባና ለባሽ ናቸው። ቂምም ነበራቸው። ቀድመው የደረሱትም እሳቸው ናቸው።»

«ባናቸው ትከሻቸው ላይ ነው። አሁን ዝም በልና ያቺን ቤት ተመልከት።»

ከስንጥቁ በላይ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ የሣር ክዳን ቤት ብቅ ብሏል። የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ አልታዬን አህያቸውን ሲያስሩ አገኟቸው።

«ጠዋት ከብት ሐዲዱ ላይ ገብቶብዎት ነበር?» አለች በዛች።

«ይቺ ጉደኛ አህያ ናታ! መሐል ላይ ተገትራ ቆመችብኝ። ባቡሩ መጥቶ ቆመላት። እየደበደብሁ አወጣኋት፤ ሄደ። ከዚያ ወዲያው ነው የጋሽ ሁዜይፋን ጩኸት የሰማሁት። ልጄን! መለሰ ምን ዓይነት ልጅ መሰለሽ!»

«ያውቁት ነበር?»

«እንዴት አላውቀው! ያለፈው ሳምንት መጥቶ ‹ባናዎን ያውሱኝ› አለኝ። ከረጢት ገለባ ሞልቶ፣ ሰው አስመስሎ፣ ባናዬን አልብሶ ሐዲዱ ላይ አጋደመው። ባቡሩ መጥቶ ጨፍልቆት አለፈ። ልጄ ፊቱ አመድ መሰለ። ‹እትዬ አልታዬ፣ ባናውን ድንጋይ ነው ብሎት ነው፤ ገበያተኛው ሁሉ ባና ለባሽ አይደለም ወይ› አለኝ። ‹ለአለቆቼ ሳልነግር አላድርም› ብሎ ሄደ።»

በዛች ከሬሳው ላይ የተነሣውን ባና አሳየቻቸው። ወይዘሮ አልታዬ ጠጉሩን በጣታቸው አሹት።

«ኧረ የኔ አይደለም። የኔማ ያኔውኑ ተቀደደ። ይሄ የአቀስታ ገበያ ሥራ ነው፤ ገና ያልታጠበ አዲስ ነው።»

በዛች የተቀደደውን ባና ከወይዘሮዋ ተውሳ ቁልቁለቱን ስትወርድ ከሆስፒታሉ ተደወለላት። ሐኪሙ የነገራትን ሰምታ ስታበቃ ሐዲዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አሕመድኑር እንደዚያ ስትቀመጥ አይቷት አያውቅም።

«ምን አሉ?»

«ማጅራቱን ቀድሞ የመታው ነገር አለ፤ ከሐዲዱ ጋር ተጋጭቶ ይሆናል። ግን አልሞተም ነበር። የጨረሰው ባቡሩ ነው።»

«እንግዲህ ልጅቷ…»

«ልጅቷ ምንም አላደረገችም!» ብላ ጮኸችበት። ወዲያው አፈረች። «ሁሉንም ስንጥቁ ጋ ሰብስብልኝ። ከመኪናው በፊት።»

ከቀትር በኋላ ጉሙ ወደ ገደሉ ሸሽቶ ነበር። በእውቀቱ፣ አሚራና ጋሽ ሁዜይፋ ከሐዲዱ ፈቀቅ ብለው ቆሙ። አሚራ መሐንዲሶቹ ከሜዳ ሆነው ባቡሩን የሚልኩበትን ታብሌት ይዛለች። ባቡሩ ከመታጠፊያው ወዲያ ቆሟል። ሳጅን አሕመድኑር የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«የመለሰን አሟሟት ሳላይ አላምንም» አለች በዛች። «በቀስታ ላኪልኝ።»

የመለሰን ዓይነት ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ መሐል ሐዲዱ ላይ ቆመች።

«ኧረ ውረጂ!» አሉ ጋሽ ሁዜይፋ። «ሴትዮ፣ ዕውር ነው እያልሁሽ! ያ ረቢ!»

በእውቀቱ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ ያያል። አሚራም ሳታመነታ በታብሌቱ አዘዘችው። ባቡሩ እየተጎተተ ከመታጠፊያው ወጣ፤ በዛች ዘንድ ሳይደርስ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ሽማግሌው አፋቸውን በባናቸው ያዙ።

«አየ» አሉ ዝቅ ብለው። «ለካ ያያል።»

ባቡሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። በዛች ሰደርያውን አውልቃ የወይዘሮ አልታዬን የተቀደደ ባና ተከናነበች፤ ሐዲዱ መሐልም ቁጢጥ አለች። «ድገሚው» አለች።

አሚራ ላከችው። ጋሽ ሁዜይፋ ያዩትን አይተዋልና አሁን ዝም ብለው ይመለከታሉ። ባቡሩ ከመታጠፊያው ሲወጣ በእውቀቱ እጁን ከኪሱ አወጣ። ባቡሩ አልቀነሰም። በእውቀቱ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደ፣ ቆመ፣ ዙሪያውን አየ። ከዚያ ጮኸ።

«ተነሽ! አያይሽም! ባናውን አያየውም!»

ሮጦ ክንዷን ይዞ ጎተታት፤ ተያይዘው ጠጠሩ ላይ ወደቁ። በዚያው ቅጽበት ባቡሩ ሲጢጥ ብሎ ቀጥ አለ። አሕመድኑር ላብ በላብ ሆኖ በጋቢናው መስኮት ብቅ አለ፤ እጁ አሁንም የፍሬኑ እጀታ ላይ ነበር።

በዛች ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች። እንደ ፈራች አልደበቀችም።

«ስላዳኑኝ አመሰግናለሁ፣ ኢንጂነር። ዓይኑ ምንም እንከን የለበትም ብለውኝ ነበርኮ።»

በእውቀቱ ጠጠሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ጠዋት ዓይኑ ክፍት ነበር» አለች ወደ ሁሉም ዞራ። «ከስንጥቁ በላይ ለወይዘሮ አልታዬ አህያ ቆሟል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ግን ሰው ጨፈለቀ። ስለዚህ መለሰን ያላየው ባና ስለ ለበሰ ነው። ማን አለበሰው? ራሱ ነው እንዳልል፣ ባና ምን እንደሚያመጣ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ለብርዱማ ጃኬቱ ሞተሩ ላይ አለ። ለአሚራም አልደወለም፤ እንግዲህ ሐዲድ ላይ ሊወርድ አላሰበም። ዳር ቆሞ ከአንድ ሰው ጋር ያወራ ነበር።»

ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ጋሽ ሁዜይፋ ባቡሩ ዕውር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ለዕውር ባቡር ሰው መሸፈን ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ ማጋደም ይበቃል። አሚራ ደግሞ ባቡሩ ሁሉን ያያል ብላ ነው የምታምን። መግደል ብትፈልግ ዓይኑን ትዘጋዋለች እንጂ ባና አትፈልግም፤ ከመቆጣጠሪያው ክፍልም አልወጣችም። ባና የሚያስፈልገው ባቡሩ የሚያየውንና የማያየውን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ነው። መለሰ ለአለቆቼ እነግራለሁ ብሎ ነበር። አለቃው እርስዎ ነዎት። በዚያ ብርድ በስስ ኮት ሲንቀጠቀጡ አገኘሁዎት፤ በለገምቦ ብርድ ለሚመላለስ ሰው ያ ልብስ አይበቃም። በአቀስታ ሲያልፉ የገዙት ባና የት ሄደ?»

በእውቀቱ ጠጠሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ሲናገር ለማንም የሚናገር አይመስልም ነበር።

«ጠዋት እዚህ ቀጠርሁት። ሰኞ ፈርም፣ ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን አልሁት። ‹በገበያ ቀን ይሄ ባቡር በሕዝቡ መሐል ሊያልፍ አይደለም ወይ› አለኝ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ባና ያዝ አድርጎ፣ ‹አንተን ራስህን አያይህም› አለኝ። ገፈተርሁት። ወደ ኋላ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ከሐዲዱ ጋር ተጋጨ። አልተነሣም። ባቡሩ ሲመጣ ሰማሁ፤ ሰደርያውን ካየ ይቆማል፣ ሰው ይመጣል። አለበስሁት። የሞተ መስሎኝ ነበር። በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«አልሞተም ነበር» አለች በዛች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ አሚራ ከጎኗ መቆሟ ትዝ አላት። ልጅቷ ታብሌቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ነኝ እንግዲህ» አለች።

«ራሱን ስቶ ነበር፤ ምንም አልሰማም። አንቺ የላክሽው ሰው ሲያይ የሚቆም ባቡር ነው። እንዳያይ ያደረገው ይሄ ሰውዬ ነው።»

«አብሽሪ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሁዜይፋም። «የአላህ ሥራ ነው።»

አሚራ ሁለቱንም ሰማች፤ የሁለቱም ቃል ግን አላጽናናትም። ወደ ደሴ በሚሄደው መኪና በእውቀቱ ሲሳፈር እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። «ለቅሶ ልሂድ» አለች ብቻ።

በዛች አብራት ሄደች። የሰኞው ጉዳይ እንደ ቀረና ባቡሩ ከቆመበት እንዳይንቀሳቀስ እንደ ታዘዘ መንገድ ላይ አዛዡ በስልክ ነገሯት። ለአሚራ ነገረቻት፤ አሚራ ራሷን ነቀነቀች።

ድንኳኑ በር ላይ የመለሰ ወንድሞች ቆመው ነበር። በዛች የሆነውን በአጭሩ አስረዳቻቸው፤ እየከበዳቸው ፈቀቅ አሉ። የመለሰ እናት ወይዘሮ የኔአለም ከሴቶቹ መሐል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጭምጭምታው ቀድሞ ደርሶ ኖሮ አንዷ ጎረቤት፣ «ነይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም የለሽበትም አሉ» አለቻት። አሚራ እዚያው ላይ ዝም ማለት ትችል ነበር። ማንም አይጠይቃትም ነበር።

እናቲቱ ፊት ተንበረከከች።

«እትዬ የኔአለም፣ ባቡሩን የላክሁት እኔ ነኝ። ሲደርስበት በሕይወት ነበር። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው የመጣሁ።»

ከወንድሞቹ አንዱ ወደ ውስጥ ሊገባ ሲል በዛች በክንዷ ከለከለችው። ወይዘሮ የኔአለም ልጅቷን ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ደውሎልሽ ነበር?»

«አልደወለም።»

«ቢደውልልሽስ?»

«አቆመው ነበር። ወላሂ፣ አቆመው ነበር።»

ሴትዮዋ ደግመው አልጠየቁም። ነጠላቸውን ሰብስበው ከፍራሹ ላይ ጠጋ አሉና እጇን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጧት። ከዚያም ሁለቱ አብረው አለቀሱ።